ነደባው ላይ የወጣው ማሽን

ፈይሰል ያንን ጥቁር ሣጥን ከድሬዳዋ ሐረር ተሸክሞ የገባ ዕለት እናቱ ሸምሲያ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ጠላችው። ለኮሌጅ ኮምፒውተር ካልገዛሽልኝ ብሎ ስንት ወር ሲነዘንዛት ከርሞ ያመጣው ይኸንን ነው።

"ኮምፒውተር ነው እማ፣ ወላሂ" አላት።

አልዋሸም፣ ሆዱ ኮምፒውተር ነው። ግን ሳሎን ተጎልቶ በቴሌቪዥን ጌም ከማጫወት በቀር ሥራ የለው። ይሁን፣ ልጅ ነው እንበል። የት አስቀመጠው መሰላችሁ? ነደባው፣ ማለት የሳሎኑ መቀመጫ መደብ ላይ። ያውም ከመደቦቹ ሁሉ ከፍ ባለው፣ ሟች አባቱ ብቻ ይቀመጡበት በነበረው። ለሶኬቱ የሚቀርበው እሱ ነው አለ።

ከዚያማ የኤረር በር ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ እሷ ቤት መዋል ጀመረ። ጫማ በር ላይ ያወልቃሉ፣ ደግ አደረጉ፤ የካልሲያቸው ግማት ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት ያጠወልጋል። የለውዝ ገለፈት መደቡ ላይ ይተፋሉ። አንድ ቀን ጆይስቲኩን ከወለል ላነሳ ብትል እጇ ላይ ተለጠፈባት፤ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥባም አልለቀቃት አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ ሰው ሰውን ያርዳል፣ እነሱ ይስቃሉ።

"አስታግፊሩላህ። በአባትህ መቀመጫ ላይ ደም?"

"ጌም ነው እማ፣ ደሙ ውሸት ነው።"

"ግማታችሁስ?"

ያን ሰሞን ሸምሲያን እንቅልፍ የነሳት ግን የሴት ልጇ የሰሚራ ጉዳይ ነበር። የአቦከር ሰፈሩ ሀጂ ዓሊዪ ዓርብ ከሰላት በኋላ ሰሚራን ለልጃቸው ለአንዋር ሊጠይቁ እንደሚመጡ ጭምጭምታ ሰምታለች። በዱዓ ስትለምነው የከረመችው አማች ነው። ለአቅመ ሄዋን የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ከበሩ በላይ ምንጣፍ ጠቅልሎ ይሰቅላል፤ ልጅቱ ስትሰጥ ይወርዳል። ሸምሲያም ያላትን ምንጣፍ አራግፋ ሰቀለች።

ዓርብ ጎረምሶቹን ጠራርጋ አባረረች። ማሽኑ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ከነቀልኩት ጌሙ ላይ የደረስኩበት ይጠፋል አለ ፈይሰል። ጨርቅ ጣለችበትና ማድቤት ገባች።

ሀጂ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሸምሲያ ሻይ ይዛ ስትገባ ስለ ድሬ ጠያራ ገበሬዎች ማሽላ ያወራሉ። ጠጡ፤ ስለ ዝናቡም አወሩ። ከዚያ የሰሚራን ነገር ጨርሶ ሳያነሱ ተነሡ።

"ሀጂ፣ ትንሽ አይቆዩም?" አለቻቸው ሸምሲያ።

"በቃን። ለልጅቱ አላህ ባረካ ያድርግላት" አሉና ወጡ።

ምን ማለታቸው ነው ብላ ዞር ስትል ከበሩ በላይ ባዶ ነው። ምንጣፉ ከማሽኑ ፊት ተዘርግቷል። ሌላው በጠየቃት ላይ መጠየቅ ሐራም ነው፤ ሽማግሌዎቹ የተሰጠች መስሏቸው ሄደዋል። ልጄ አልተሰጠችም እያለች ሽማግሌ ተከትላ የምትሮጥ እናት ደግሞ ሐረር ላይ አልተወለደችም።

"ለግማታም ጓደኞችህ አነጠፍክላቸው፣ አይደል?" ብላ ፈይሰል ላይ ጮኸችበት። መልስም አልጠበቀች፤ ማሽኑን ከነሽቦው ነቅላ ደረቷ ላይ አቀፈችና ከጀጎል ግንብ ውጪ ልትጥለው ወደ በሩ ሄደች። ሰሚራ መንገዱን ዘጋችባት።

"ተይው እማ። ያወረድኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ?"

"አንዋርን አልፈልገውም።"

"አፍ የለሽም? አትነግሪኝም ነበር?"

"ሰኞ ነገርኩሽ። ትናንትም ነገርኩሽ። አንቺ የካልሲ ግማት ታወሪ ነበር።"

ሸምሲያ ማሽኑን እንዳቀፈች መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ራሷን ተጸየፈች። ሰኞ ልጇ ምን እንዳለቻት ለማስታወስ ሞከረች፤ የመጣላት የለውዙ ገለፈት ብቻ ነው።