ብረት አይከሳም

«ካካዎው ቀጥኗል» አሉ እማማ ሎሲ፣ ኩባያቸውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው እያዩ። «ፔኒና ብትኖር ይሄንን ለእንግዳ አታቀርብም ነበር።»

«ፔኒና ብትኖርማ እኛስ ምን ልንሠራ እንመጣ ነበር?» አሉ ከጎናቸው የተቀመጡት ሴትዮ። ሁለቱም ሳቃቸውን በማራገቢያቸው ጋረዱት።

ፉአቲኖ ትሪውን ይዛ፣ «ይቅርታ፣ በፊታችሁ ላልፍ ነው» እያለች ጎንበስ ብላ በለቅሶ ደራሾቹ መካከል አለፈች። እንደ እሷ ትከሻዋ የሰፋ ልጅ ጎንበስ ስትል ዕቃ ልታነሳ እንጂ ሰው ልታከብር አይመስልም። ቤቱ ግድግዳ ስለሌለው ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ በምሰሶዎቹ መሃል እየገባ የሐዘንተኞቹን ጥቁር ሽርጥ ያነሳ ነበር። ቀብሩ ትናንት ሆኗል። እማማ ፔኒና እንደ አገሩ ልማድ ከቤቷ ደጃፍ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ስንት ዓመት ሙሉ ወጪ ወራጁን በነገር ስትነክስ ከኖረችበት ወንበር ጥቂት ራቅ ብላ ተኝታለች። ወንዶቹ ከምሳ ጀምሮ በላይዋ አርማታ እየሞሉ ነው።

«ክንዷን አየሽው?» አሉ ከኋላዋ። «ከባሌ ክንድ ይወፍራል እኮ!»

«የባልሽ ክንድማ ከምኑ ይቆጠራል? ይልቅ ብረት ማንሳቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው አሉ።»

ፉአቲኖ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። ቲኖ ነው የሚሏት፤ ሙሉ ስሟን የሚጠሩት ቄሱና የውድድር ዳኞች ብቻ ናቸው።

አሠልጣኝ ቪሊ ከከተማ የመጣው ለለቅሶ ቤት የሚሰጠውን የክብር ሰሌን አስይዞ ነው። ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን እስኪጨርሱ እግሩን አጣጥፎ በትዕግሥት ተቀመጠና ኋላ ቲኖን ከውኃው በርሜል አጠገብ አገኛት።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ቲኖ።»

«አሜን።»

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ ደርሷል። ስምሽን ላስገባው ወይስ ልተወው?»

«ተወው። ትቼዋለሁ እኮ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ሁልጊዜ» አለችው፣ ኩባያዎቹን እያለቀለቀች።

ቪሊ አንገቱን አከከ። «ነገ ጠዋት ነው የምመለሰው። እስከዚያ ድረስ አልዘጋውም» ብሎ ሄደ።

ለምን እንደተወችው ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርም የሚገባቸው አልመሰላትም።

እናቷ ስትወልዳት ለአያቷ እህት ለፔኒና ነው የሰጠቻት፤ ፔኒናም ልጅ አልነበራትም። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ በዕድሜዋ ከድስት በቀር ከባድ ነገር አንስታ አታውቅም። ቲኖ አሥር ዓመት ሲሆናት ግን የጎደሬ ጆንያ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አየቻትና፣ «ይቺን አሳማዬን በከንቱ አላሳደግኋትም!» አለች። ከወጥ ቤት ባዶ የብስኩት ጣሳዎች አምጥታ ሲሚንቶ ሞላቻቸው። አጎት አቶኒዮ ከተሰበረ ጀልባው የሞተር ዘንግ አወጣላት፤ የሲሚንቶውን ክብ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ሰካችና ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። የቲኖ ጂም ይኸው ነበር። ከተማ ወርዳ እውነተኛውን ብረት ስትነካ ተንሸራቶባት ከእጇ ሊወጣ ደረሰ፤ የለመደችው የዛገ ዘንግ ነበርና።

ፔኒና ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማራገቢያዋን ሽቅብ ትይዛለች። ቲኖ ብረቱን ታነሳለች፣ ቀጥ ትላለች። ማራገቢያው ካልወረደ ማውረድ የለም። ፔኒና ደግሞ ሆን ብላ ትረሳዋለች፤ በመንገድ የሚያልፈውን ዓሣ ሻጭ ጠርታ ዋጋ ትከራከረዋለች።

«እማማ!» ትላለች ቲኖ፣ ጥርሷን ነክሳ።

«ምነው? ዳኛ ቸኩሎ ያውቃል እንዴ? አንተ፣ ይሄ ዓሣ ትናንትም አይቶኛል ልበል?»

አጎት አቶኒዮ ከቤቱ ውስጥ ተጋድሞ በሳቅ ይፈርሳል። ማራገቢያው ሲወርድ የቲኖ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ብረቱን ግን መጣል አይፈቀድላትም። ዶሮዎቹ ይደነግጣሉ፤ የደነገጠች ዶሮ ደግሞ እንቁላሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ትደብቃለች። ይህ የፔኒና ሕግ ነበር። ሌላም ሕግ ነበራት። ብረቱ ከመሬት ከተነሳ በኋላ ሌላ ሰው በጣቱ ጫፍ ቢነካው እንኳን አይቆጠርም።

በኋላ ስኳሩ መጣ፤ ፔኒና አንድ እግሯን አጣች። ቲኖ ልምምዷን አቋርጣ እሷን መሸከም ጀመረች፦ ከፍራሽ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ ፍራሽ። መጀመሪያ ፔኒና ከባድ ነበረች፣ ሁለቱም ይስቁ ነበር። እያደር ግን ቀለለች። ሐኪሙ ሳይናገር፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ፣ የቲኖ ክንዶች አወቁ። ዕድሜዋን ሙሉ ክብደት ስትጨምር የኖረች ልጅ በየቀኑ የሚቀንስ ክብደት ስታነሳ አለቀሰች፤ ፊቷን ወደ ጎን እያዞረች፣ እንዳትታይ።

ፔኒና ግን ታያታለች። «ወደ ኋላ የምትሠለጥን አትሌት እኔ አንቺን ብቻ አየሁ» አለቻት አንድ ቀን፣ በክንዷ ላይ ሆና። «ሂጂና ብረትሽን አንሺ።»

«አንቺን ማን ያነሳሻል?»

«እኔ ልቀልል እችላለሁ፣ አሳማዬ። ብረት አይከሳም። እሱ ይጠብቅሻል።»

መጨረሻ ያነሳቻት የሞተች ቀን ነው፣ ከመታጠቢያው ወደ ንጹሑ አንሶላ። እንደ ሕፃን ቀልላ ነበር። ቲኖ የፈራችው ይህን ነው። ክንዶቿ የመጨረሻውን ያንን ቅለት ይዘዋል፤ ከባድ ነገር ካነሱ ይረሱታል፣ ከረሱት ደግሞ ፔኒና ዳግመኛ ትሞታለች። ለዚህ ነው በዚያው ምሽት ለአጎቷ፣ «ያንን ብረት ከዓይኔ አጥፋልኝ፣ ከእንግዲህ አላነሳም» ያለችው።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል እማማ ሎሲ፣ «ልጄ፣ ለእራት የዳቦ ፍሬ አውርጂልን» አሏት። ቲኖ ረጅሙን እንጨት ይዛ ወደ ዛፉ ሄደችና ቀጥ ብላ ቆመች። ከሥሩ ብረቱ ያረፈባቸው ሁለት የነጡ ቦታዎች ብቻ ቀርተዋል፤ በአንዱ ዶሮ ተኝታበታለች።

እንጨቱን ጥላ ወደ መቃብሩ ሮጠች። አጎት አቶኒዮ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ሆኖ አርማታው ከሚሞላበት የጣውላ ሳጥን ጎን ቆሟል። በሳጥኑ ውስጥ፣ ትናንት ከሬሳው ሳጥን በላይ ከተሞላው ድፍን አርማታ ላይ፣ አዲሱ ጭቃ ፈስሷል። በመሃሉ የጀልባው ዘንግ ጀርባውን አውጥቶ ተኝቷል፤ የሲሚንቶ ክቦቹ ግማሽ ግማሽ ሰምጠዋል።

«አጎቴ! ምን አደረግህ?»

«ፌሮ አነሰን፣ ቲኖ። አንቺም ከዓይኔ አጥፋልኝ አልሽ። ዘንጉ ዝጎ ክቦቹ አልወጣ ቢሉ እንዳለ አስተኛሁት» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ዓይኖቹን ሰብሮ። «ደግሞ በገዛ እጇ የሠራችው ነው። አብሯት ቢያርፍ ብዬ እኮ ነው።»

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል፤ ግን ሳሚ መሆኑም እውነት ነበር። ቲኖ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ልቅሶ ነው። ከትናንት ጀምሮ ወገቧን ይዛ ያልወጣላት ልቅሶ አሁን ወጣ። ፔኒና ይጠብቅሻል ያለቻት ብረት እየደረቀ ነበር።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «አጎቴ፣ ብረቴን እፈልገዋለሁ።»

ጫጫታውን ሰምተው ሴቶቹ ከቤቱ ወጡ። «ከመቃብር ላይ ዕቃ ይነሳል እንዴ? ነውር ነው!» አለች አንዷ።

«ሳይደርቅ ምኑ መቃብር ነው? ሊጥ ነው እንጂ» አሉ እማማ ሎሲ። «ነውሩ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው። ቶሎ በሉ!»

እውነታቸውን ነበር። የምሽቱ ጸሎት ደወል ከተመታ በመንደሩ ውስጥ እጅ የሚያንቀሳቅስ የለም፤ መንገደኛ እንኳ ባለበት ይቀመጣል። ጸሎቱ እስኪያበቃ አርማታው ድንጋይ ይሆናል። በመንገዱ ዳር ጎረምሶቹ ሰው ለማስቆም ከወዲሁ ተሰልፈዋል።

ሁለት የአጎቷ ልጆች እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ሳጥኑ ተንደረደሩ።

«እንዳትነኩት!» አለች ቲኖ። «ከነካችሁት አይቆጠርም።»

«ማን ነው የሚቆጥረው?» አለ አንደኛው።

ቲኖ ጫማዋን አውልቃ ሳጥኑ ውስጥ ገባች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰመጠች፤ እግሮቿ ከታች ድፍኑን አርማታ አገኙ። ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ጎንበስ አለች፣ ዘንጉን ያዘችው። ዝገቱ መዳፏን ወዲያው አወቀው።

ሳበች። ምንም። ጭቃው ክቦቹን ውጧቸዋል። ወራት ያረፈው ወገቧ ጮኸ።

«ልጄ፣ ትጎጂያለሽ!» አለ አጎት አቶኒዮ።

ትንፋሽ ወሰደች፤ ፔኒና እንዳስተማረቻት፣ ሆዷን እንደ በርሜል ሞልታ። እንደገና ሳበች፣ አልቸኮለችም፣ አላቋረጠችም። ከአንደኛው ጫፍ የመምጠጥ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ከሌላኛው። ብረቱ ከጉልበቷ አለፈ፣ ቀጥ አለች፤ ሲሚንቶው በግራና በቀኝ እየተንጠባጠበ።

የፈራችው አልደረሰም። ክንዶቿ ከባዱን ይዘው ቀላሉን አልረሱትም። ፔኒና እዚያው ነበረች፣ በክርኖቿ እጥፋት ውስጥ፣ ልክ እንደዚያች ቀን።

ቪሊ ከመንገዱ ዳር አፉን ከፍቶ ቆሟል። ቲኖ አየችው። «ስሜን አስገባው!» አለች በጥርሶቿ መካከል።

ልጆቹ ጣውላዎች አምጥተው በሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ ከክቦቹ ሥር አጋደሙላት። «በቃ አውርጂው!» አሏት።

አላወረደችም።

«ቲኖ፣ አውርጂው እንጂ! ምን ነካሽ?»

ቀጥ ብላ ባዶውን ወንበር እያየች ቆመች። ጉልበቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማንም አልገባውም። አጎት አቶኒዮ ብቻ ገባው፤ ስንት ዓመት ተጋድሞ ሲስቅበት የኖረ ነገር ነውና። ዘወር ብሎ የእማማ ሎሲን ማራገቢያ ከእጃቸው ነጠቀ። ሄዶ ከወንበሩ አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠበትም። ሲሚንቶ በለበሰ እጁ ማራገቢያውን ሽቅብ ያዘው።

ይዞትም ጥቂት ቆየ። ወደ መንገዱ ዞር አለ፣ ዓሣ ሻጭ እንደሚፈልግ። እንባው በጉንጩ ላይ ባለው ሲሚንቶ መሃል መንገድ አበጅቶ ይወርድ ነበር።

«ዳኛ» አለ በተሰበረ ድምፅ፣ «ቸኩሎ ያውቃል እንዴ?»

ቲኖ እያለቀሰች ሳቀች፤ ብረቱ ግን ከእጇ ንቅንቅ አላለም።

ማራገቢያው ወረደ። እሷም ብረቱን ዝቅ አድርጋ ጣውላው ላይ አሳረፈችው፤ ቀስ ብላ፣ ከዛፉ ሥር የተኛችው ዶሮ ቀና እንኳ ሳትል።