አሥራ አራተኛው ረድፍ

«ቆይ ቆይ፣ ይህቺን ስማኝማ» አለች ኖሪን መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ። ከስልኳ ማንበብ ጀመረች። «‹ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ሰውየው ሁለቱን ሰዓት የሚያሳልፈው የመኪናውን ቁልፍ ሲፈልግ ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ እኔ እንኳ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ አይቻለሁ። የምሰጠው ነጥብ አንድ ሳህን ፈንዲሻ ነው፤ እሱም ጨው የሌለው።›»

ኖሪን በሳቅ ፈረሰች። ላይል ፕሩይትም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከፊቱ ከሚያልፈው የጭነት ባቡር ላይ አላነሳም። ዞር ቢል ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት ፈርቷል። የተነበበው የራሱ ጽሑፍ ነበር።

ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ላይል የሚነዳውን ባዶ አውቶቡስ ወደ ጋራዥ እየመለሱ ነው። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ባቡሩ ቀደማቸው፤ የኢንዲያና ግዛት የጭነት ባቡር ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማለቂያ የለውም። ኖሪን ሃውፕት ከገና በኋላ የተቀጠረች የአውቶቡሱ ረዳት ናት። ልጆቹን ቀበቶ ታስራለች፣ የጠፋ ጓንት ትፈልጋለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ እሷ ከመጣች ወዲህ ላይል ጠዋት ለመነሳት ደወል አያስፈልገውም።

«ምኑን እንደምወድለት ታውቃለህ?» አለች። «ፊልሙ የቱንም ያህል ቢበላሽ መጨረሻ ላይ ‹አንድ ጥሩ ነገር› ብሎ ይጽፋል። ለዚህኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ውሻው ጎበዝ ተዋናይ ነው።› እናቴና እኔ ማታ ማታ እሱ ያለውን እየመረጥን ነው የምናየው።»

«ማን ይሆን ሰውየው?» አለ ላይል፣ ድምፁን እንደ ደንታ ቢስ አድርጎ።

«እንጃ። ስሙን አይጽፍም። ‹አሥራ አራተኛው ረድፍ› ነው የሚለው።»

አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይል በከተማው ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሚስቱ በሕይወት እያለች ቴሌቪዥን ሲያዩ አስተያየቱን የሚሰጠው ለእሷ ነበር። እሷ «ዝም በልና እይ» ትለዋለች፣ እሱ ይቀጥላል። ከሞተች በኋላ ዝም በል የሚለው ሰው ሲያጣ ገጽ ከፈተና መጻፍ ጀመረ፤ ስለ ፊልም፣ ስለ ተከታታይ ድራማ፣ ስለ ኮሌጁ ቡድን። መጀመሪያ አርባ አንባቢ ነበረው። ዘንድሮ ስድስት ሺህ ደርሷል። ይህን የሚያውቀው አዳራሹ ውስጥ ከጎኑ የሚቀመጠው ቨርን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ቀኑ በደህና ያልፍ ነበር። ግን የተመሰገነ ሰው ትንሽ መጨመር ይፈልጋል።

«ስለ ቅርጫት ኳሱስ እንዴት ነው? ይችልበታል?»

ኖሪን ስልኳን አጠፋችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እሱን አላነብም» አለች። ጥቂት ፉርጎዎች አለፉ። «ውሸቴን ነው። አነበዋለሁ። እያንዳንዷን ቃል።»

«ምን አለ?»

«‹ፎጣ› እያለ የሚጠራው ልጅ የኔ ነው።»

ላይል የቆመውን አውቶቡስ ፍሬን እንደገና ረገጠ።

«የአባቱን ስም ስለያዘ ልጄ መሆኑን ሰው አያውቅም። ግሬዲ ዌክሰል። ሠላሳ አንድ ቁጥር» አለች ኖሪን። «አራት ዓመት ሙሉ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ልምምድ ሄዷል። የትምህርት ክፍያውን የሚችለው ራሱ ነው፤ ለሌሎቹ ኮሌጁ ነው የሚከፍለው። አሰልጣኙ ‹አንተ የምትገባ አይመስለኝም፣ ግን ተቀምጠህ ጓደኞችህ እንዳይቀዘቅዙ አድርግልኝ› አለው። ስለዚህ ኳስ በገባች ቁጥር ይነሳና ፎጣ ያወዛውዛል። ሥራዬ ብሎ ነው። ይኼ ሰውዬ ለውሻው እንኳ አንድ ጥሩ ነገር አግኝቶለታል። ለልጄ አጣለት።»

ባቡሩ አለቀ። ላይል ሕጉ እንደሚያዘው በሩን ከፍቶ ግራና ቀኝ አዳመጠና ሐዲዱን ተሻገረ። ጆሮው ግሏል። እስከ ጋራዥ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ኖሪን ያዘነላት መስሏት ትከሻውን መታ አድርጋው ወረደች። ያ ደግሞ ባሰበት።

ነገሩ በስም ማውጣት ቢያበቃ መልካም ነበር። ላይል ባለፈው ሳምንት እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቅዳሜ የተመራቂዎች ቀን ነው። ንጉሣችን ፎጣ ያለ ክብር አይሸኝም። ሁላችሁም ነጭ ፎጣ ይዛችሁ ኑ። በአራት ዓመት ውስጥ የአሥራ አንድ ደቂቃ ጨዋታ ቀላል አገልግሎት አይደለም!» ሲጽፈው ብቻውን ስቋል። ተማሪዎቹ ተቀባበሉት፣ በየግድግዳው ለጠፉት፤ ኮሌጁ አጠገብ ያለው ሱቅ ነጭ ፎጣ ጨረሰ። በተመራቂዎች ቀን ደግሞ የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች ከጨዋታው በፊት ወላጆቻቸውን ክንድ ይዘው መሃል ሜዳ ይወጣሉ። ኖሪን አራት ዓመት የጠበቀችው ያንን አንድ ደቂቃ ነው።

ኖሪን በነገረችው ቀን ማታ ላይል እራቱን ሳይቀምስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «ፎጣውን ተዉት። ልጁን በሰላም እንሸኘው። የጻፍኩት ልክ አልነበረም» ብሎ ለጠፈ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ መልሱ ጎረፈ። «ሃሃ! ገደልከን!» «እሺ አባታችን፣ ሁለት ሁለት ይዘን እንመጣለን።» «የአልጋ ልብስ ይቻላል?» ሦስት ዓመት ሙሉ ያሾፈ ሰው ከልቡ ሲናገር ማን ያምነዋል? ላይል «ከልቤ ነው» ብሎ እንደገና ጻፈ፤ እንደገና ሳቁ።

ቨርን ደወለ። ቨርን ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በስልክም ቢሆን የሚያወራው ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ነው።

«አንተ ሰይጣን! ‹ከልቤ ነው› ያልካት በሳቅ ገደለችኝ!»

«ከልቤ እኮ ነው፣ ቨርን።»

«አዎ፣ አዎ፣ እንደሱ እያልክ ቀጥል!»

«ስማኝ እንጂ! የልጁን እናት አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ደስ ይላታላ! ስድስት ሺህ ሰው ለልጇ ሲያወዛውዝ! የኔ እናት እንዲህ ያለ ቀን አላየችም።»

አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። ስሙን መጻፍ። «እኔ ላይል ፕሩይት ነኝ፣ የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር፤ እናቱ አብራኝ ትሠራለች፤ አፍሬያለሁ» ቢል ያምኑታል። ስሙን ጻፈውም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ነገ ገና ሳይነጋ ኖሪን አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ታየችው፤ ፊደል በፊደል አጠፋውና ኮምፒውተሩን ዘጋ። ፈሪ እንደሆነ ያወቀው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

በማግስቱ፣ ልጆቹን አድርሰው ሲመለሱ፣ በቀጥታ ሊነግራት ቆረጠ። ሐዲዱ ጋ ሲደርሱ ባቡር አልነበረም። ያም ሆኖ አውቶቡሱን አቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ አዳመጠ፣ ዘጋ። አልተንቀሳቀሰም።

«ኖሪን።»

«እኔም ልጠይቅህ ነበር» አለች ቀድማ። «ነገ ትሄዳለህ አይደል? ወንበርህ ወደ ታች ነው ብለኸኛል።»

«ነው።»

«እህቴ ያለችው ሩቅ ነው፣ ኔብራስካ፤ መምጣት አልቻለችም። እናቴ ደረጃ አትወጣም። ግሬዲና እኔ ስንወጣ በስልክህ ትቀርጽልኛለህ? የማምነው ሌላ ሰው የለኝም።»

«ፎጣውስ?» አለ ላይል በቀስታ።

«ግሬዲ የፎጣውን ጥሪ አይቶታል። ‹እማዬ፣ እየሳቅሽ ውጪ፣ እኔም እስቃለሁ› ብሎኛል።» ኮቷ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈች። «አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። ትቀርጸኛለህ?»

«እቀርጽሻለሁ» አለ። ሊል ያሰበውን ዋጠው፤ ሲውጠውም እየዋጠ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቨርን አንገቱ ላይ አንድ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ሁለተኛውን ለላይል ዘረጋለት።

«አምጥቼልሃለሁ። የመታጠቢያ ቤቴ ነው፣ ንጹሕ ነው።»

«አልፈልግም።»

«ምን ሆንክ አንተ? ሠርግህ እኮ ነው ዛሬ!»

ላይል ስልኩን አወጣ። ተመራቂዎቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። ሁለት ሜትር የሚሆነው የመሃል ተጫዋች ከአያቱ ጋር ወጣ፤ ሕዝቡ በክብር አጨበጨበ። ሁለተኛው ወጣ። ከዚያ አስተዋዋቂው «ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ግሬዲ ዌክሰል፣ ከእናቱ ከኖሪን ሃውፕት ጋር!» አለ።

ላይል መቅረጽ ጀመረ።

አዳራሹ ነጭ ሆነ። ከላይ እስከ ታች ፎጣ ብቻ። «ፎ-ጣ! ፎ-ጣ!» የሚለው ጩኸት ወንበሩን አንቀጠቀጠው። በስልኩ መስታወት ውስጥ ልጁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው ወደ ጎን የወጣ፣ ከንፈሩ ብቻ የሚስቅ ነበር። ኖሪን አበባዋን በአንድ እጇ፣ የልጇን ክንድ በሌላው ይዛለች። እንደተባለችው እየሳቀች ነው። አዲሱ ጫማ አንድ ቦታ ላይ አዳለጣት፤ ግሬዲ ደገፋት፤ ይህን ጊዜ ጩኸቱ በረታ። መሃል ሜዳ ሲደርሱ ቀና ብላ ወንበሮቹን ፈለገች፣ ላይልን ከነስልኩ አገኘችው፣ አበባዋን አነሳችለት።

ያኔ ቨርን ትከሻውን ይዞ ናጠውና ለአካባቢው ሁሉ ጮኸ፦ «ይኸውላችሁ! የፎጣው አባት ይኼ ነው! አሥራ አራተኛው ረድፍ ማለት ይኼ ነው፣ ላይል ፕሩይት!»

ከኋላ ያሉት ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። አንዱ «ጌታዬ!» አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዲህ ቢባል ምን እንደሚሰማው ሲያስብ ኖሯል። አሁን ያማረው ወንበሩ ሥር መግባት ነበር።

አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ተመራቂዎቹን ከመጀመሪያው አሰለፋቸው። ግሬዲ አንድ ደቂቃ ተኩል ተጫወተ። ኳስ ሁለት ጊዜ ነካ፤ ሁለቱንም በትክክል ለጓደኞቹ አቀበለ። ከዚያ ተቀየረና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቡድኑ አገባ፤ ሕዝቡ ወደ ግሬዲ ዞሮ ጠበቀ። ፎጣው እንደታጠፈ ወንበሩ ሥር ነበር። ልጁ አጨበጨበ እንጂ አላነሳውም። ሁለተኛ አገቡ፤ አላነሳውም። ሰዉ ቅር ብሎት ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ ላይል ግን እስከ እረፍት ድረስ ያቺን የታጠፈች ፎጣ ነው ያየው።

በእረፍት ሰዓት ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። ፀሐይ ነበረ፤ የተጠረገው በረዶ ጥግ ጥጉን ተቆልሎ ያንጠባጥባል። ስልኩ ጮኸ፤ የኖሪን መልእክት ነው።

«ቀረጽከው? እህቴ ነፍሷን ልትስት ነው። ላክልኝ!»

ቪዲዮውን ከፈተ። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ጥሩ ወጥቷል። አርባኛው ሰከንድ ላይ የቨርን ድምፅ ከሁሉም በላይ ገኖ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከነስሙ፣ ከነረድፉ።

ስልኩ ላይ ድምፁን የምታጠፋ ትንሽ ምልክት አለች። ነካት። እንደገና አየው።

ያለ ድምፅ ሌላ ነገር ነበር። አንዲት እናት ልጇን ክንድ ይዛ ትወጣለች፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ቆሞ ነጭ ጨርቅ ያወዛውዝላቸዋል። ኔብራስካ ያለችው እህት ብታየው ታለቅሳለች። አያትየው ለጎረቤት ታሳየዋለች። ማንም አይጎዳም። ሰኞ ጠዋት ኖሪን እየሳቀች አውቶቡሱ ላይ ትወጣለች፣ አዲስ ነገር ታነብለታለች። የሚቀረው አንድ መንካት ነው።

ጣቱን አስጠጋና ቆመ። ጩኸቱን እሷ መሃል ሜዳ ላይ ቆማ፣ እየሳቀች፣ ሰምታዋለች። ያልሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የላይል ስም። የሚደብቀው ለእሷ አዝኖ አይደለም።

ምልክቷን መልሶ ነካ። የቨርን ድምፅ በመኪኖቹ መሃል ጮኸ፤ አንዲት ሴት በር እየዘጋች ዞር ብላ አየችው። ቪዲዮውን ከነድምፁ ላከው። ከሥሩ ሊጽፍ የነበረው ማመካኛ ብዙ ነበር፤ ሁሉንም ተወና «አርባኛው ሰከንድ ላይ የምትሰሚው እውነት ነው። እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። መልስ አልመጣም። ከውስጥ የሁለተኛው አጋማሽ ፉጨት ተሰማ፤ ቨርን ደጋግሞ ደወለ፣ አላነሳውም። ወደ አሥራ አራተኛው ረድፍ አልተመለሰም። አዳራሹን ዞሮ የተጫዋቾች ቤተሰቦች በሚወጡበት በር አጠገብ፣ ስትወጣ በደንብ በምታየው ቦታ ላይ ቆመ።