ሻምሳ የሌለችበት ምጥ

የባሌ እህት ሻምሳ አዋላጅ ነኝ ትላለች። ማንን እንዳዋለደች አላህ ይወቅ፤ እኔ የማውቀው የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ጭኔን ስትቆነጥጠኝ ነው። «አታሰድቢን! የእኛ ቤት ሴት አትጮህም!» ትለኝ ነበር። እሷ ጥርሷን ያስነቀለች ቀን ግን ጩኸቷ አጠገባችን ካለው የአገር ድንበር ማዶ ተሰምቷል።

ለሁለተኛው ቀደም ብዬ አሰብኩበት። ሄሉ መንደር ባለው ቤታችን ልወልድ፣ ደሚቱም ልታዋልደኝ ተስማማን። ደሚቱ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሆዴን ልትዳስስ እንኳ መጀመሪያ ታስፈቅደኛለች። «ደም ከበዛ ወይም ምጡ ከቆመ ወደ ሆስፒታል ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም» አለችኝ። እሺ አልኩ። መኪና ያለው ጎረቤታችን አዳንም ከሰፈር እንዳይርቅ ለመንነው።

ባሌ ሰሊም በዚህ ሁሉ ተስማምቶ ነበር። ሰሊም የማይስማማው ከማን ጋር ነው? ከጎልቦ ገበያ ፍየል ሲገዛ ለሻጩም እሺ፣ ለደላላውም እሺ ነው። ጠዋት ምጤ ሲጀምር ደሚቱን ጠራ፤ ወዲያው ደግሞ ለእህቱ ደወለላት።

ሻምሳ ሽቶዋን አስቀድማ ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተዘርፍጣ፣ «የዳበል መንደሯ ቆቲሌ እኮ ልክ እንዳንቺ ላብ በላብ ሆና ነው የሞተችው» አለችኝ። ምጥ ላይ ላለች ሴት ያመጣችው ስጦታ ይሄ ነው።

ጀርባዬን የምታሸው ደሚቱ እጇን አላነሳችም። ጎንበስ ብላ ስሜን ጠራችና፣ «ሙስሊማ፣ እዚህ ማን እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አንቺ ብቻ» አልኳት።

«የወንድሜ ቤት ነው!» ብላ ሻምሳ ብድግ አለች።

«ወንድምሽ ውጭ ነው ያለው። ሂጂና አጫውቺው» አልኳት።

«ሰሊም! ሚስትህ እያባረረችኝ ነው!»

ሰሊም በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አስገባ። እኔን አየ፣ እህቱን አየ፣ «እሺ» አለ። ለማን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ደሚቱ ግን ጊዜ አላጠፋችም፤ የሻምሳን ክንድ ይዛ በትህትና አስወጣቻትና በሩን ዘጋች።

ያኔ እንደ ልቤ ጮህኩ። «ጩኺ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ ደሚቱ። ስቆም ደገፈችኝ፣ ስንበረከክ አብራኝ ተንበረከከች። ስቸኩል «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ፤ መቼ እንደምትገፊ ሰውነትሽ ራሱ ይነግርሻል» አለችኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ሴት ልጅ ተገላገልኩ። እንግዴ ልጁም በደህና ወጣ። ደሚቱ እርጥቧን ልጅ ደረቴ ላይ ስታስተኛልኝ አለቀስኩ፤ እሷም ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች መጡ። ሻምሳ በር ላይ ደረቷን ነፍታ ትቀበላቸዋለች። «ከብዶ ነበር፤ ልጅቷ ተጣማ፣ እኔ ነኝ ያዞርኳት» ስትል ሰማኋት።

«ሻምሳ! ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለሽ በየት በኩል አዞርሻት?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ጎረቤታችን ካልቱማ ሳቋ አምልጧት ሻሿን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ሻምሳ ጫማዋን ፈልጋ ሄደች።

ሰሊም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እህቴ እኮ ናት፣ በሰው ፊት ምን አለበት ብትተያት?» አለኝ።

አላየሁትም። ልጅቷ ጡት ትፈልግ ነበርና ወደ እሷ ዞርኩ።