የሳንቲሙ ካስክ

«ጆሮዬ! ኧረ ጆሮዬ ተቃጠለ!»

አያት ጓሮ ፎጣ እያሰጡ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ እርጥቡን ፎጣ እንደያዙ፣ ነጠላ ጫማቸውን በወጉ ሳያጠልቁ ወደ ሳሎን ሮጡ። ሳሎን የሚለው ስሙ ነው እንጂ ሳሎንነቱ ከቀረ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸው ሚጣ ሶፋውን ጥግ አስይዛ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስተዋት ሰቅላ፣ አንድ ወንበርና አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አቁማ ፀጉር ቤት አድርጋዋለች። ከካስኩ ስር ተስፈንጥራ የወጣች አንዲት ነርስ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን የሞላበት ጭንቅላቷን አዘንብላ ቀኝ ጆሮዋን ይዛለች። ሚጣ ደግሞ ለደንበኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች።

«ሚጣ! አንቺ ልጅ፣ ሰው እየነደደ ነው!»

«መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ፣ አንዴ ብቻ...» አለችና በአውራ ጣቷ ስልኩን ጠቅ አደረገች። ዘላ ካስኩን ከሶኬቱ የነቀለችው ከዚያ በኋላ ነው።

አያት እርጥቡን ፎጣ የነርሷ ጆሮ ላይ ለጠፉላት። «እኔ አፈር ልብላ ልጄ። በጣም ያማል?»

«አይዞዎት እማማ፣ ነርስ ነኝ፤ ከመቅላት አያልፍም» አለች። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞር ብላ፣ «ግን አንቺ፣ እኔ የመጣሁት ፀጉሬ እንዲደርቅ ነው እንጂ ጆሮዬ እንዲጠበስ አይደለም።»

«ይቅርታ በናትሽ። የሚያቃጥለው በግራ በኩል ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ቀኝ ዞረ።»

«ማቃጠሉ ፈረቃ አለው ማለት ነው?»

ሚጣ ሳቀች፣ ነርሷም ሳቀች። አያት ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር።

«ትቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«እማዬ፣ በኋላ እንነጋገር።»

«ማልሽልኝ እኮ!»

«በኋላ አልኩ፣ በሞቴ። ሰው አለ።»

አያት ከንፈራቸውን መጠጡ።

ካስኩ እርጅና ተጫጭኖታል። ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል፤ አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይበርዳል። አያት ባዩት ቁጥር ቤቱ በእሳት ሲጋይ ይታያቸዋል። እርግጥ ለአያት የማይታያቸው ነገር የለም። ሚጣ ገላዋን ስትታጠብ ከቆየች ወድቃ ነው፣ ካሳላት ሳንባዋ ነው፣ ስልክ ካላነሳች መኪና ነው። ገና ጡት ሳትጥል ተቀብለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸውና ይህን ያህል መፍራት መብታቸው ነው። የአሁኑ ስጋት ግን ባዶ ስጋት አልነበረም። ከነገ ወዲያ አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ፀጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ይዛለች። ሚጣ እንዲህ ያለ ሥራ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሙሽራ ጆሮ ከተጠበሰ ወሬው ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጣን በር የሚያንኳኳ አይገኝም።

ደግነቱ ለሌላ ካስክ መግዣ ብላ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራት። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴም አንድ ደህና ካስክ እስከ ዛሬ ማታ ሊያቆይላት ቃል ገብቷል። ነገር ያበላሸው ስልኩ ነው። ካስክ ስትፈልግ አንድ የጨረታ ገጽ ላይ ወደቀች፤ እዚያ ላይ አዲስ፣ ባለ እግር፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ካስክ ቆሟል።

«በአንድ ምሳ ዋጋ እኮ ነው!» ብላ ስታሳያቸው አያት መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ዋጋው እውነትም የአንድ ምሳ ነበር። አጥብቀው ሲጠይቁ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንዴ ጠቅ ለማድረግ የአንድ ዳቦ ዋጋ ይከፈላል። ሰው ጠቅ ባደረገ ቁጥር የካስኩ ዋጋ በአንድ ሳንቲም ከፍ ይላል፣ ሊያልቅ የነበረው ሰዓትም እንደገና ከሁለት ደቂቃ ይጀምራል። ሰዓቱ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ የነካ ሰው ካስኩን ይወስዳል። የቀረው ሁሉ ዳቦውን ለገጹ ባለቤት አብልቶ ይሄዳል።

«ላም አለኝ በሰማይ ነው ይሄ» ብለው አያት አስማሏት። ሚጣም ትቼዋለሁ ብላ ማለች።

አያት ግን በመሐላ ተማምነው የሚተኙ ሴት አይደሉም። ደግሞም ልጅቱ ስትምል የወደቀ ፊቷ ከዓይናቸው አልጠፋ አለ። በማግስቱ ለሹፌሩ ልጃቸው፣ ለሚጣ አጎት፣ ሹክ አሉት። «የስልክ ጨረታ ላይ ያለ አንድ ካስክ አምሯት አስተውኳት። አንጀቴን በላችው። አንድ መላ ፈልግላት። ግን እንዳታውቅ፤ ኩራቷን ታውቃለህ።»

«ለእኔ ተዪው» አላቸው። እሳቸውም ተዉለት።

በዚህ ቤት ደንቡ ይህ ነው፤ ሰው ሰውን የሚረዳው ተደብቆ ነው። ሚጣ ተማሪ ሳለች አያት የደብተር መግዣ ብር በር ላይ ይጥሉላትና «አገኘሁ!» እያለች ስትሮጥ አብረዋት ይደነቁ ነበር። ሚጣ ደግሞ አድጋ ሥራ ከያዘች ወዲህ የአያቷን የደም ግፊት መድኃኒት ከኪሷ ትገዛና «ለአዛውንት በነፃ ነው» ትላቸዋለች። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንደማያውቅ ይሆናል። እስከ ዛሬ በዚህ የተጎዳ ሰው አልነበረም።

በምሳ ሰዓት ሹፌሩ ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ገባ። በሳሎኑ በኩል «ሰላም ናችሁ?» ብሎ አልፎ ኩሽና ተቀመጠ። ነርሷ አሁንም ቢጎዲኗን እንዳደረገች ካስኩ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች። በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። አያት ሾርባ ቀዱለት። በቀኝ እጁ ማንኪያ፣ በግራው ስልክ ይዞ ይበላል። አያት ለነርሷ ዳቦ በሻይ ሊያደርሱላት ሰሃኑን ይዘው መጋረጃው ዘንድ ሲደርሱ፣ ከሳሎን በኩል የሚጣ ድምፅ ተሰማቸው።

«ያዝኩህ!»

ወዲያው ከኩሽና ልጃቸው፣ «ወይ ጉድ! ይቺ ሴትዮ ምሳ አትበላም እንዴ?» አለ። ማንኪያውን አስቀምጦ ስልኩን ነካ።

ከሳሎን፣ «ኤጭ! መጣ ደግሞ!»

ከኩሽና፣ «እሰይ!»

ከሳሎን፣ «እንካ!»

ከኩሽና፣ «ኧረ በሕግ!»

አያት ሰሃኑን እንደያዙ መሃል ላይ ቆሙ። አንዱ ጆሯቸው ወዲያ፣ አንዱ ጆሯቸው ወዲህ ነው። መጀመሪያ ኳስ የሚያዩ መሰላቸው። ግን ሚጣ ኳስ አትወድም። ደግሞ በአንድ ጨዋታ አንዱ ሲደሰት ሌላው የሚበሳጨው እንዲህ እንደ ሚዛን ነው? ቀስ ብለው ወደ ኩሽና ተመለሱ።

«ምንድን ነው የምታየው?»

«ያዘዝሽኝን እየሠራሁ ነዋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካስኩን ልወስድላት ነው። በሯ ላይ አቆመውና እሄዳለሁ። ከትናንት ወዲያ በእጄ ገብቶ ነበር እኮ፤ 'ቆንጆዋ' የምትባል አንዲት ደረቅ አላስቀምጥ አለችኝ እንጂ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሚጣ ለነርሷ እያማረረች ነበር። «ስሙን እዪልኝማ፣ 'የማይበገር' ብሎ! ሰው ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠራል? ቀፋፊ!»

አያት ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «አንተ እዚያ ላይ ስምህ ማን ነው?»

ሹፌሩ አፈረ። «ስም ሲሉኝ... ያው የመጣልኝን ነው የጻፍኩት...»

«ማን?»

«የማይበገር።»

አያት መሳቅም መጮህም አማራቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ስለመጣባቸው መጋረጃውን በአንድ እጃቸው መንጭቀው ከፈቱት። «ኑ እዩ ጉዳችሁን! እዚህ ቤት ጨረታ አለ፤ ሁለቱም ተጫራቾች የእኔ ናቸው!»

ሚጣና አጎቷ ስልክ ለስልክ ተያዩ። ነርሷ ነገሩ ሲገባት ወንበሩ ላይ ተንፈራፈረች፤ አንዱ ቢጎዲን ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ጋሼ? አንተ ነህ?»

«ቆንጆዋ አንቺ ነሽ?»

«ቀፋፊ ያልኩትን ይቅር በለኝ።»

«እኔም ደረቅ ብዬሻለሁ። እሱን ግን አላነሳም።»

ሚጣ ልትስቅ ጀምራ መሃል ላይ ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። «ቆይ ግን፣ ማን እርዳት አለህ? እማዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል? ሄደሽ ለመንሽልኝ?»

«ልመና አይደለም፣ ዓይኔ...»

«ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እዚህ ከገዛ አጎቴ ጋር ስናከስ፣ ገንዘቤ አለቀ እኮ!»

«የእኔስ?» አለ ሹፌሩ። «ትታዋለች ብላኝ እኮ ነው እናቴ! የማልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሚጣ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ከነርሷ ጆሮ ባሰች።

«ኧረ ተዉ፣ ሰዓቱ!» አለች ነርሷ የሚጣን ስልክ እያየች። «አጎትሽ ካቆሙ እኮ ያንቺ ነው! ስምሽን እዪው፣ ላይ ነው ያለው!»

አራቱም ጭንቅላት ስልኩ ላይ ተደፋ። ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። አያት ሳያውቁት የልጃቸውን ክንድ ጨምድደው ይዘዋል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው 'ዝምተኛው' የሚል ስም ብቅ አለ። ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አለች ሚጣ። አውራ ጣቷ ተነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ በሁለት ስልክ እንያዘው!» አለ ሹፌሩ። «እኔ አደክመዋለሁ፣ አንቺ...» አለና አፉን ከፍቶ ቀረ። ስልኩን አየ፣ የሚጣን ስልክ አየ። «ቆይ። ይሄ ዝምተኛው የሚባለውም የሆነ ቤት ውስጥ እንደኛ ተቀምጦ ነው አይደል? እኛ ስንነካ ይከፍላል፣ እሱ ሲነካ እንከፍላለን።»

«የተሸነፈ ሰው የከፈለው አይመለስለትም?» አለች ነርሷ።

«ምን ይመለሳል! ሁሉም ተሳፋሪ የሚከፍልበት፣ የሚደርሰው ግን አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ታክሲ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ብሠራ ተሳፋሪው መስታወቴን በሰበረው ነበር።»

«ሕገ ወጥ ነው?» አሉ አያት ደንግጠው። ልጆቻቸው እስር ቤት ሲገቡ ታያቸው።

«አይደለም እማ። ሁሉንም ጽፈውታል፤ ያላነበብነው እኛ ነን።»

«ግን እስካሁን ያወጣሁትስ?» አለች ሚጣ። ድምፏ ቀጠነ። «አሁን ካቆምኩ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።»

አያት ያንን ፊት ያውቁታል። ትንሽ ልጅ ሳለች ፊኛዋ ሲያመልጣት፣ ሽቅብ እያየች የምታሳየው ፊት ነው። ያኔ ቢሆን ሮጠው ሌላ ፊኛ ገዝተው «ያው የጠፋው ነው» ይሏት ነበር። አሁን ግን ጉንጯን ዳሰሱና፣ «ቀርቷል፣ እናቴ» አሏት። «ጠዋትም ቀርቶ ነበር። ሌላ ገንዘብ አስከትለሽ አትላኪበት።»

ሚጣ የተነሳ ጣቷን አጠፈች። ከዚያ ስልኩን ገልብጣ ቢጎዲን መያዣው ላይ አስቀመጠችው። ነርሷ አላስችል ብሏት ጠርዙን ቀና አድርጋ አየች።

«'ዕድሌ' የምትባል ደግሞ ገባች።»

«እግዜር ይርዳት» አለ ሹፌሩ።

ሚጣ መኝታ ቤት ገብታ የቀራትን ገንዘብ ይዛ ወጣች። ለሙሽራዋ ቀን የሚደርሰው ካስክ የነጋዴው ብቻ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ሳንቲም እንደማይቀንስ ነግሯታል፤ በእጇ ያለው አይበቃም። ገንዘቡን ኪሷ ከታ የእጅ ማድረቂያውን ፎን አነሳችና የነርሷን ፀጉር ማድረቅ ጀመረች።

ኩሽና ውስጥ ሹፌሩ ወደ እናቱ ጠጋ አለ። «እማ፣ ነጋዴውን አውቀዋለሁ። ቀድሜ ልሂድና የጎደለውን ልስጠው። እሷ ስትመጣ 'ቀንሼልሻለሁ' ይበላት። ከየት ታውቃለች?» በዓይኑ ጠቀሳቸው።

አያት ጥቅሻውን ያውቁታል፤ ከእሳቸው የወረሰው ነው። አንገታቸውን ሊነቀንቁ ምንም አልቀራቸውም። በመጋረጃው ክፍተት ሚጣን አዩ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷን ነክሳለች፤ በአንድ እጇ ፎኑን ይዛ በሌላው መዳፏ የነርሷን ቀይ ጆሮ ከሙቀቱ ትከልላለች። ማንም አላዘዛትም።

መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

«ሚጣ፣ እስቲ አጥፊው እሱን።»

አጠፋችው።

«አጎትሽ የካስኩን ጎደሎ ልሙላላት ይላል። ለነጋዴው በስውር ከፍሎ 'ቀነሰልኝ' እንድትዪ ሊያደርግ ነበር።»

«እማ!» አለ ሹፌሩ፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ።

«እኔም እሺ ልለው ነበር። ይኸው ነገርኩሽ። ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም?»

ሚጣ ፎኑን አስቀመጠች። በመስተዋቱ ውስጥ አጎቷን አየችው፣ አያቷን አየቻቸው።

«ውሰጂው፣ በሞቴ» የሚለው ቃል አያት ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይህቺን ልጅ ሁልጊዜ የሚረቷት በእሱ ነው። ዋጡት። ጥግ የቆመው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መልሷን ጠበቁ።