መቻል የፈራው ቱቦ

የመቻልን ፍርሃት መጀመሪያ ያየሁት ጣውላው ላይ ነው። ሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ ነበር፤ ሌሎቹ ሁለት ውሾች እንደ ፍየል ቀለል ብለው አለፉበት። መቻል ግን የፊት እግሮቹን አሳርፎ ጣውላው ገጭ ሲል እዚያው ሸናበት። ጠባቂዎቹ ሳቁ። አንዱማ፣ ይሄ ሌባ ሲመጣ ዕቃ ያሸክማል አለ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ያን የሚያህል ውሻ እንደ እርጥብ ጫጩት ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅምና ደነገጥኩ።

ቦታው ከላፍቶ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ያለ የሲሚንቶ ቱቦ ማምረቻ ነው። ያኔ ከአጥሩ ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ሲል፣ በጊዜያዊነት ውኃ አጠጪ ሆኜ ገባሁ። አዲስ የተመረተ ቱቦ እንደ ችግኝ ውኃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ጠዋትና ማታ በጎማ አጠጣለሁ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ካርታ ሲጫወቱ እኔ አንዱ ትልቅ ቱቦ ውስጥ ገብቼ እጋደማለሁ። ቱቦ ውስጥ የገዛ ትንፋሽህ ዞሮ ይመጣልሃል። እዚያ ተጋድሜ ያልሄድኩበት አገር የለም። ሠራተኞቹ፣ መነኩሴው ዋሻው ገባ ይሉኝ ነበር።

ውሾቹን የሚያሠለጥነው አሥር አለቃ ላቀው፣ ከፖሊስ በጡረታ የወጣ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ሌባ በየት በየት እንደሚሸሽ ስለሚያውቅ ውሻውም በዚያው እንዲከተል ይፈልጋል፤ አጥር መዝለል፣ ጣውላ ላይ መሄድ፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በማዶ መውጣት። መቻልን ቡችላ ሳለ ያገኘው በክረምት ጎርፍ፣ ከመንገድ ሥር ካለ የውኃ መውረጃ ውስጥ፣ የሞተች እናቱ ሥር ተወሽቆ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ጣራ ያለው ነገር ውስጥ አይገባም። ዝናብ ሲጥል እንኳ ከተሠራለት ቤት ውጭ ቁጭ ብሎ ይበሰብሳል።

የጥበቃው ኃላፊ ጓድ በኃይሉ፣ መቻል ጣውላው ላይ በሸናበት ቀን ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ፣ ሳይቆጣ ተናገረ።

"ሰኔ ሲገባ ፈተና አለ። ያላለፈው ያቺን ሥጋ ይበላል።"

መርዝ ያለባትን ሥጋ ማለቱ ነው። ክብሪቱን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዙሮ ሄደ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሆኖ መናገር መቻሉ ገረመኝ። ላቀውን ላግዝህ አልኩት፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና የመቻልን ገመድ አስያዘኝ። እሺ ማለቱ ነው።

ላቀው ጎትቶ ማስገባትን አይወድም። ፈሪ ውሻ ሲጎተት የሚማረው ጎታቹን መፍራት ነው ይላል። ጣውላውን ከበርሜሎቹ አውርደን መሬት ላይ አጋደምነው። ዳቦ በመረቅ እያራስን ላዩ ላይ ጣል ጣል አደረግን። መቻል አንገቱን ብቻ አስግጎ በላ፣ ከዚያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሁለት። ረግጦ መብላት ሲለምድ ከሥሩ ብሎኬት ከተትን፤ ሲረሳው ደግሞ ሌላ ብሎኬት፤ በመጨረሻም በርሜሎቹን መለስናቸው። አንድ ቀን ሳናስበው በርሜሉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያየን አገኘነው። እሱም የደነገጠ ይመስል ነበር።

ቱቦው ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዳቦ ብንሞላበት አይቀርብም፤ አፉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሰኔ እየመጣ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እንደ ልማዴ ተጋድሜ ሳለሁ ብርሃኑ ተጋረደብኝ። ቀና ስል መቻል ከቱቦው አፍ ቆሟል። አልጠራሁትም። ዝም ብዬ ዜማ ነገር አንጎራጎርኩ። ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። እንዲህ ሲመላለስ ሰንብቶ፣ በአንዱ ቀን ሆዱን ከሲሚንቶው ጋር እያሻሸ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ገባ። ደረቴ ላይ ደርሶ አገጩን አሳረፈ። ልቡ ጎድኔን ይመታኝ ነበር። እንዳላስበረግገው ፈርቼ እጄን እንኳ አላነሳሁም። ከሩቅ ላቀው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል።

ደስታችን ግን ጎደሎ ነበር። እኔ ካለሁበት የትኛውም ቱቦ ይገባል፤ ባዶ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ አይቶ ይመለሳል። በማዶው አፍ ሆኜ ብጠራው በውጭ ዞሮ ይመጣል። ምን በወጣው።

"ልጄ፣ ይሄ ውሻ የለመደው አንተን ነው፤ ቱቦውን አይደለም" አለኝ ላቀው። "የፈተና ቀን ደግሞ አንተ ውጭ ነህ።"

የፈተናው ቀን ጠዋት ጓድ በኃይሉ ክብሪቱን ነክሶ መጣ። መቻል አጥሩን ዘለለ፣ ጣውላውን አለፈ፣ ከቱቦው አፍ ደርሶ ወደ ውስጥ አየና ቁጭ አለ። ላቀው አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመርልኝ ብሎ ለመነ። በኃይሉ መልስ ሳይሰጥ በሩ ላይ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ።

ወቅቱ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ነበር። ጎረምሳ ከኳስ ሜዳም ከታክሲም እየታፈሰ ይጫናል። ቋሚ ሠራተኛ ይተዋል፤ ጊዜያዊ የሚተው የለም። ላቀው ሳያየኝ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ፣ ሂድ አለኝ። ሮጥኩ። ከግቢው ጥግ፣ ከተደረደሩት ሁሉ ረጅሙ ቱቦ ውስጥ ገባሁ። ጠዋት ያጠጣሁት ውኃ ሥሩ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጀርባዬን አረሰረሰው።

ወታደሮቹ ቱቦዎቹን በዱላ እየመቱ ሲያልፉ ይሰማኛል። ይሄን ሁሉ ቱቦ ሲፈትሹ አይውሉም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የዱላው ድምፅ ራቀ። ተነፈስኩ።

ያኔ ብርሃኑ ተጋረደ።

ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ድምፅ ሳላወጣ ሂድ አልኩት። በእግሬ ገፋሁት፤ ጨዋታ መሰለው። ከዚያ ሁሉ ጨለማ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ፣ እናቱ ከሞተችበት ምንም በማይለይ ጉድጓድ፣ በሆዱ እየተሳበ መጥቶ አገጩን ደረቴ ላይ አሳረፈ። ጭራው ግድግዳውን ይደልቅ ጀመር። ድም፣ ድም። ቱቦው ሁሉ ከበሮ ሆነ። በድንጋጤ ደርቄ ሳለሁ፣ ገባ እኮ የሚል ሐሳብ ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር።

"ማነው እዚያ? ውጣ" አለ ወታደሩ።

በእግሬ ጎትተው አወጡኝ። መቻል ተከትሎኝ ወጣ። ላቀው ባዶውን የአንገት ማሰሪያ ይዞ መጣ፤ ውሻው አሾልኮት ነው የሮጠው። ዓይኔን ማየት አልቻለም። እኔ ግን ያየሁት በኃይሉን ነበር።

"ጓድ፣ ገብቷል። አይተዋል።"

"አንተ ስላለህ ነው። አይቆጠርም" አለ።

ከተያዙት ሌሎች ልጆች ጋር መኪናው ላይ ወረወሩኝ። ላቀው የመቻልን አንገት አቅፎ ነበር፤ ሞተሩ ሲነሳ እጁ ላላበት። ወደ መኪናው የሚመጣ መስሎኝ ተንጠራራሁ። አልመጣም። እኔ የምገኝበትን ቦታ ያውቃላ። በቀጥታ ወደ ረጅሙ ቱቦ ሮጦ፣ ሳይቆም፣ ሳያለቅስ ገባ። በማዶው አፍ ወጣ። ቆሞ ዙሪያውን አየ። ቀጥሎ ያለው ቱቦ ውስጥ ገባ፤ ከዚያም በማዶ ወጣ።

የበኃይሉ ክብሪት ከአፉ ወደቀ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ በሞተሩ ጩኸት አልሰማሁትም። ላቀው እግሩን እየጎተተ ከመኪናው ኋላ ሮጠ።

"አለፈ ብሏል። ሰምተሃል? አለፈ ብሏል።"

መኪናው ከበሩ ወጥቶ ወደ ጅማ መንገድ ታጠፈ። በአጥሩ ክፍተት መቻል ከአንዱ ቱቦ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲገባ አየሁት። በዚያ ግቢ ያለው ቱቦ ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም።