ዳልቻ ሽቦ ገባች

የዳልቻ ጩኸት ከጥሻው ውስጥ ድንገት ተቋረጠ። ወይኒቱ ማሽላው ዳር ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ከርከሮ የሚያባርሩት አዳኞች ከታች ይጠራራሉ፤ የውሻዋ ድምፅ ግን የለም።

“እማዬ! ሽቦ ገብታለች! አንገቷን ይዟታል!” ልጇ መልአኩ ነበር።

ወይኒቱ ነጠላዋን አሸርጣ ቁልቁለቱን ወረደች። ማሽላውን ከከርከሮ ለማዳን ሰዉ በየጥሻው የሽቦ ወጥመድ ያጠምዳል፤ አዳኝ ውሻም ይገባበታል። የገባ ውሻ ይታገላል፤ በታገለ ቁጥር ሽቦው ይጠብቃል። ሊያስለቅቀው የቀረበውንም ይነክሳል። አምና ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው የገዛ ውሻውን አስለቅቃለሁ ብሎ ጣቱን ተቆረጠ፤ ውሻውም አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ ወይኒቱ ልጇን አደን ይቅርብህ ብትለው አልሰማ አላት። እሱ እንቢ ቢላት ፊቷን ወደ ውሻዋ አዞረች። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ የጠቀለለችበትን ገመድ የዳልቻ አንገት ላይ አግብታ ቀስ እያለች ትስባለች። ዳልቻ ስትታገል ዝም ብላ ትይዛለች፤ ሆዷን መሬት ላይ ስታሳርፍ ወዲያው ገመዱን ታላላላትና ቁራሽ ታጎርሳታለች። ልጇንም እየጠራች የዳልቻን አፍ ታስይዘዋለች፣ እግሯን ታስጨብጠዋለች፤ ውሻዋ እጁን እንድትለምድ።

የአዳኞቹ አለቃ አያ መዝገቡ በአጥሩ ላይ እያየ ይስቅ ነበር።

“አንቺ ወይኒቱ፣ ውሻ ነው የሙሽራ በቅሎ የምትገሪው? እንዲህ ተለሳልሳ፣ ከርከሮ ፊት ልታሳፍረን ነው!”

“ለከርከሮው ትቆጣ፣ አያ። ለልጄ እጅ ግን አትቆጣ።”

አሁን ጥሻው ጋ ስትደርስ ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል። ከአዳኞቹ አንዱ ሀሚዱ ዱላውን እንደጨበጠ ዞር አለ።

“ወላሂ አትነቃነቅም፤ ሞታለች መሰለኝ።”

ዳልቻ አልሞተችም። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ተኝታለች። ሽቦው የአንገቷ ፀጉር ውስጥ ሰጥሟል፤ ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዓይኗ መልአኩን ይከተላል።

ወይኒቱ ከአምና ጀምሮ ከመቀነቷ የማትለየውን፣ ከውጫሌ ገበያ የገዛችውን ፒንሳ አወጣች።

“እኔ ልግባ።”

“እማዬ፣ የምትጠብቀው እኔን ነው። አታያትም?”

አየች። ፒንሳውን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች፤ በመጨረሻ ሰጠችው።

“እንዳትሮጥ። መጀመሪያ መዳፍህን አስሸትታት።”

መልአኩ ተንበረከከ። ጣቱ ሽቦውን ሲነካ የዳልቻ ከንፈር ተገለጠ፤ ጥርሷ ታየ። መልአኩ እጁን ሳያነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ረጋ በይ፣ ዳልቻ። ረጋ።”

ውሻዋ አገጯን መሬት ላይ መልሳ አስቀመጠች። ፒንሳው ቀጭ አለ፤ ሽቦው ተበጠሰ። ዳልቻ የመልአኩ እጅ ከላይዋ እስኪነሳ እንኳ አልተነሳችም። ከዚያ ብድግ ብላ ገላዋን አራገፈች።

“አላህ ያውቃል፣ እንዲህ ያለ ውሻ አይቼ አላውቅም!” አለ ሀሚዱ።

አያ መዝገቡ ጉሮሮውን ጠረገ። “እኔ ቤት አንድ ቡችላ አለ… ነገ ባመጣው?”

“አምጣው። ገመዱን ግን የምትይዘው አንተ ነህ፤ እኔ አሳይሃለሁ።”

“እኔ? የሙሽራ በቅሎ ልገራ?”

“አዎ፣ አያ!” አለችው። ሰዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ወይኒቱም ኩራቷን ለመደበቅ አልሞከረችም።

ከሸለቆው ወዲያ ከርከሮው ቅጠል ሲሰብር ተሰማ። አዳኞቹ ተነሱ። መልአኩ ብቻ ቆሞ እናቱን አየ፤ “በቃ፣ ወደ ቤት” እስክትለው እየጠበቀ ነበር። እሷ የዳልቻን አንገት በጣቶቿ ዳበሰች። ቆዳው አልተቀደደም።

“ምን ይገትርሃል? ቀድመውህ ሄዱ እኮ!”

ልጅና ውሻ ተያይዘው ጥሻው ውስጥ ገቡ። እስከ ዛሬ ወይኒቱ ልጇ አደን ላይ እስካለ ድረስ ከማሽላው ዳር ንቅንቅ ብላ አታውቅም፤ ጩኸታቸውን እየቆጠረች ትውላለች። አሁን ግን አቀበቱን ወጥታ ማሽላውን አለፈችውና፣ ሲመለስ የሚበላውን ልትሠራ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።