ከገሳይ የተገዛው ገብስ

«እምዬ፣ የሰጡኝ ገብስ ለምን ታመመ?»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የልጅ ልጃቸው ፀጋ ከዩኒቨርሲቲ መምጣቷ ነው፤ ከደብረ ታቦር ያመጣት ባጃጅ ገና ከደጅ አልራቀም። ጉልበቷ ላይ የዘረጋችው የገብስ ቅጠል ፎቶ ነው፤ ቅጠሉን ዋግ እንደ ዝገት በልቶታል።

«ገብስም ይታመማል። ፍጡር አይደል?» አሉ ዓይናቸውን ከፎቶው አሽሽተው።

«የእኛን ጥቁር ገብስ ዋግ አይነካውም ብለውኝ አልነበር? የአገሩ እህል ሁሉ ሲያልቅ እሱ ብቻ ተረፈ አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«እሱን አምኜ ነዋ! ዋግ ከሚያጠቃው ገብስ ጋር አዳቀልነው። ከልጆቻቸው የማይታመሙትን ለይተን፣ ሁሉም የሚጋሩትን ዘረመል ልናገኝ ነበር። እሱን ካገኘን ብዙ ምርት ወደሚሰጠው ገብስ እናሻግረዋለን።»

«እንዲያው ሰባት ቤት ትቆጥሩለታላችሁ በይኛ!»

ፀጋ አልሳቀችም። «የሰጡኝ እናት ገብስም ልጆቿም እኩል ታመሙ። ሁለት ዓመት ለፋሁ፣ እምዬ። መምህሬ ‹አያትሽ ተረት ነግረውሻል፤ ሰኞ ሌላ ርዕስ ይዘሽ ነይ› አለኝ። በሰው ፊት!»

ተረት የምትለዋ ቃል ወይዘሮ ፈንታነሽን ወጋቻቸው። ይህችን ልጅ ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለምርምሯ ዘሩን ስትለምናቸው ግን ሟች ባላቸው «ዘር ከቤት ከወጣ በረከት አብሮ ይወጣል» የሚሉት ትዝ አላቸው። ደግሞስ ባለሙያዎቹ ወስደው የእኛ ነው ቢሉስ? ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰንብተው፣ ከገሳይ ገበያ የገዙትን ጥቁር ገብስ ቋጥረው ሰጧት። ጥቁርን ከጥቁር ማን ይለየዋል ብለው።

«መምህርሽ ተሳስቷል፤ ተረት አልነገርኩሽም» አሉ ቀስ ብለው። «የሰጠሁሽ ግን... የገሳይ ነበር፣ ልጄ።»

«ምን?»

«ከገበያ የገዛሁት። የእኛው እዚሁ ነው።»

«እኔንም? እኔንም እንደ ባዳ?»

«ፈርቼ ነው። አፈር ስሆንልሽ!»

ወደ ጓዳ ገቡ። ለዘንድሮው የጓሮ እርሻ ያስቀመጡትን ዘር ከነቅሉ አምጥተው ሰፌድ ላይ ገለበጡት። «ሁሉንም ውሰጂው። ለእኔ አታስቢ።»

ፀጋ ፍሬዎቹን እያገላበጠች አየቻቸው። ከቦርሳዋ የዘር ፖስታ አውጥታ አንድ እፍኝ ብቻ ከተተች፤ የተረፈውን አንድም ሳታፈስ ወደ ቅሉ መለሰች። ፖስታው ላይ የመንደሩን ስምና ቀኑን ጻፈች። የሰጪው ስም የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ባዶውን ተወችው።

ስክሪብቶዋን ከድና ወጣች።